ፍጹም የተባለው የውድድር ዘመን



በዚህ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከተሞች የሚኖር ኢትዮጵያዊ እሑድ ጧት አስቀድሶ፥ ጸበሉን ቀምሶ፥ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፥ ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት መንገዱ ጭር ብሎ፥ ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ተከትቶ፥ አልፎ አልፎ ብቻ በየመስኮቱ የደስታ ጩኸት ወይም የኀዘን ጉርምርምታ ሲወጣ ሲሰማ፥ ይህ ሕዝብ ምን ዓይነት በዓል ያከብራል ብሎ ሳይጠይቅ የሚያልፍ አይመስለኝም። በዓሉ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። በአገሩ እየኖርን፥ ልጆቻችንንም በትምህርት ቤቱ እያስተማርን፥ ጎረቤታችን የሚደሰትበትንና የሚያዝንበትን ነገር ምክንያቱን ሳናውቅ ብንቀር ነውር ይሆንብናል በማለት፥ ዛሬ ስለ አንድ ቡድንና ስለ አንድ የውድድር ዘመን ልናገር ተነሥቻለሁ። ቡድኑ የማያሚ ዶልፊንስ፥ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1972፥ በእኛ 1965 ዓ.ም. ነው፤ ዓ.ም. ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ ቡድን በዚያ ዘመን 17 ጊዜ ተጋጥሞ 17 ጊዜ አሸንፏል፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ በዚህ ታላቅ ሊግ ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍና እኩል ሳይወጣ የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሣ ሌላ ቡድን የለም።

አሜሪካኖች ይህንን ዘመን «ፍጹም» ብለው ይጠሩታል፤ የእኔም ነገር ያለው በዚሁ ቃል ላይ ነው። እኛ ዛሬ በአማርኛችን ፍጹም ስንል ብዙ ጊዜ እንከን የሌለበት፥ ጉድፍ የማይገኝበት ማለታችን ነው፤ የቃሉ ሥር ግን በግእዝ «ፈጸመ» ነውና ጨረሰ፥ ከዳር አደረሰ ማለት ይሆናል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከጻፈ በኋላ በመጨረሻው ገጽ «ተፈጸመ» የሚለውን ቃል ያኖራል፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉን ገልጦ ለሚመረምረው ሰው በሰንጢ የተፋቀ ፊደል፥ በኅዳግ የተጨመረ ሐረግ፥ ከመሥመር በላይ የተንጠለጠለ ቃል በየገጹ ይታየዋል። መጽሐፉ ተፈጽሟል እንጂ ጉድፍ አልታጣበትም። የማያሚም ዘመን ፍጹም የሆነው በዚህ በጸሐፊው ትርጉም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍቀቱንም አንድ በአንድ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ስሙ እግርን ቢጠቅስም እግር ኳሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ ኳሱም ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ከግብ መሥመር እስከ ግብ መሥመር 100 ያርድ በሆነ ሜዳ ላይ 11 በ11 ሆነው ይገጥማሉ፤ ኳሱን የያዘው ወገን አራት ዕድል ይሰጠውና በእነዚህ 10 ያርድ ወደፊት ከገፋ ሌላ አራት ዕድል ያገኛል፥ ካልገፋ ለባላጋራው ያስረክባል። እንግዲህ ጨዋታው በእውነቱ የኳስ ሳይሆን የመሬት ነገር ነው፤ ክንድ በክንድ መሬት ማስለቀቅ ነው። በዚህም የገናን ጨዋታ ይመስላል፥ ሁለት መንደሮች ሩሯን በዘንግ እያላጉ አንዱ የሌላውን ወገን ወደ ኋላ እንደሚነዳው ማለት ነው፤ ነገር ግን በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ነጻነት እዚህ የለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድሞ በወረቀት ተሥሎ በቃል የተጠና ሲሆን፥ አሠልጣኙም እንደ ጦር አበጋዝ ይቆጣል። ኳሱን መጀመሪያ ተቀብሎ ለሯጭ የሚያስረክበው ወይም በአየር የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል፤ የቡድኑ ዓይንና አንደበት እርሱ ነው። ኳሱን ይዞ ከግብ መሥመር ማለፍ ታችዳውን ተብሎ 6 ነጥብ ያስገኛል፥ በእግር መትቶ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ ደግሞ ፊልድ ጎል ተብሎ 3 ነጥብ ያስገኛል። ለዛሬው ነገራችን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃናል።

የማያሚ ቡድን በ1966 ውድድር የጀመረ፥ ከሊባኖስ በተሰደደ አባት የተወለደው የሕግ ሰው ጆ ሮቢ ባለቤት የሆነበት ቡድን ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ያሸነፈው 15 ጊዜ፥ የተሸነፈው ግን 39 ጊዜ ነበር። በ1970 ዶን ሹላ አሠልጣኝ ሆኖ ከባልቲሞር መጣ፤ ሮቢ ሰውየውን ከሊጉ ደንብ ውጭ አነጋግሮ ወስዶታል ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተጫዋች በመጀመሪያው ዙር የመምረጥ መብቱን ለባልቲሞር እንዲያስረክብ ተፈረደበት። ያ ቅጣት ርካሽ ግዢ እንደሆነ የታወቀው ግን ወዲያው ነው፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት ከ14 ጨዋታ 10 አሸነፈ።

ሹላ ከሀንጋሪ ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደ፥ በኦሃዮ ያደገ፥ በወጣትነቱ ቅስናን አስቦ የነበረ፥ አሠልጣኝ ከሆነም በኋላ የየዕለቱን ቅዳሴ የማያስታጉል ካቶሊክ ነበር። ማያሚ በደረሰበት በመጀመሪያው ክረምት ተጫዋቾቹን በፍሎሪዳ ፀሐይ በቀን አራት ጊዜ ያሠለጥናቸው ነበር፤ ሥርዓቱም ከስፖርት ይልቅ ገዳም ይመስል ነበር። ነገር ግን ይህ ብርቱ ሰው በልቡ ሁለት ቁስል ይዞ ይኖር ነበር። አንደኛው በጥር 1969 ያገኘው ነው፤ በዚያን ጊዜ የባልቲሞር አሠልጣኝ ሆኖ፥ 18 ነጥብ ያህል ብልጫ እንዳለው ሁሉ መስክሮለት ሳለ፥ ሱፐር ቦውል በሚባለው የፍጻሜ ጨዋታ፥ በሦስተኛው፥ በኒውዮርክ ጄትስ 16 ለ 7 ተሸነፈ። የተሸነፈበትም ሜዳ የማያሚው ኦሬንጅ ቦውል፥ በኋላ የገዛ ቤቱ የሚሆነው ሜዳ ነበር። ሁለተኛውን ቁስል ያገኘው በጥር 1972 ሲሆን፥ ማያሚን ይዞ ለዋንጫው ቀርቦ በዳላስ 24 ለ 3 ተረታ። በዚያ ቀን ቡድኑ አንድም ታችዳውን አላገባም። ሹላ በሚቀጥለው ክረምት ተጫዋቾቹን ሰብስቦ የዚያን የሽንፈታቸውን ፊልም አስቀምጦ አሳያቸው፤ ታላቅ ተግሣጽ ያለ ብዙ ቃል እንዲህ ይሰጣል።

እንግዲህ ዘመኑ የጀመረው መስከረም 7 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚያ ሰሞን የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበረን፤ በጳጉሜን 5፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ማሞ ወልዴ በአርባ ዓመቱ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ሆኖ ነበርና። የሸመገለ ጉልበት ምን ሊሠራ እንደሚችል የዚያ ዓመት ሰዎች ከዚያ ማየት ጀምረው ነበር፤ በማያሚም ይኸው ነገር ሊታይ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ዶልፊንስ በካንሳስ ሲቲ አዲስ በተከፈተው ሜዳ 20 ለ 10 አሸነፈ፥ ሂውስተንንም በቤቱ 34 ለ 13 ረታ። በሦስተኛው ጨዋታ በሚኒሶታ፥ ሊጨርሱ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ 14 ለ 6 ተመርተው ነበር፤ መቺው በ51 ያርድ ርቀት ፊልድ ጎል አስቆጠረ፥ ኳርተርባኩ ቦብ ግሪዚም በመጨረሻ አንድ አጭር ኳስ ወርውሮ 16 ለ 14 አስጨረሰ። የመጀመሪያው ፍቀት ይህ ነው፤ ያን ቀን ቢሸነፉ ኖሮ ዛሬ ስለ እነርሱ ዲስኩር የሚያደርግ ሰው ባልኖረም ነበር።

ሁለተኛው ፍቀት ግን የዚህ ታሪክ አንጓ ስለሆነ ቀስ ብዬ እናገረዋለሁ። ጥቅምት 5 ቀን፥ በአገራችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ ከሳን ዲዬጎ ጋር ሲጫወቱ፥ ግሪዚ ኳሱን ወርውሮ ሳይጨርስ ሁለት ግዙፋን ሰዎች ወደቁበትና የእግሩ አጥንት ተሰበረ፥ ቁርጭምጭሚቱም ወለቀ። የቡድኑ ዓይን ከሜዳው በቃሬዛ ወጣ። በእርሱም ቦታ የገባው ኤርል ሞራል የሚባል፥ ጠጉሩን እንደ ድሮ ወታደር አሳጥሮ የሚቆረጥ፥ ዕድሜው 38 የሆነ፥ በዚህ ጨዋታ ሚዛን ሽማግሌ የሚባል ሰው ነበር። ባልቲሞር አያስፈልገኝም ብሎ አሰናብቶት፥ ማያሚ የወሰደው በደንቡ የተወሰነችውን 100 ዶላር ከፍሎ ነው።

ሹላ ይህንን ሰው ለምን ፈለገው? ያውቀው ስለነበረ ነው። በ1968 የባልቲሞር ታላቁ ኳርተርባክ ጆኒ ዩናይተስ ክንዱን በታመመ ጊዜ፥ ተተክቶ ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን የመራው፥ ከ14 ጨዋታ 13 ያሸነፈው፥ የሊጉም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ሞራል ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀደም ሲል ባነሣሁት የጥር 1969 ጨዋታ ሦስት ኳሶች በባላጋራ እጅ ተጠለፉበት፤ ከዕረፍት በኋላም ሹላ ከሜዳ አስወጥቶ ያ ታማሚ ዩናይተስ እንዲገባ አደረገ። ስለዚህ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. በኦሬንጅ ቦውል ሜዳ ዳር ላይ፥ ሕዝቡ ነጭ መሐረቡን እያውለበለበ ሳለ፥ ዓይን ለዓይን የተያዩት አሠልጣኝና ተጠባባቂ፥ በዚያው ሜዳ፥ በአንድ ቀን፥ በአንድ ሽንፈት ስማቸው የጠፋ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እኔ ይህንን ነገር ባሰብሁ ቁጥር የሚደንቀኝ ሹላ ያን ያፈረበትን ሰው መልሶ መጥራቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ውድቀታችንን ያዩትን ሰዎች እንሸሻለን እንጂ በገንዘባችን አንገዛቸውም።

ሞራል ገብቶ የሳን ዲዬጎን ጨዋታ 24 ለ 10 አስጨረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ቡፋሎን በአንዲት ነጥብ ብቻ፥ 24 ለ 23፥ አለፉ፤ ይህ ሦስተኛው ፍቀት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና፤ ባልቲሞርን 23 ለ 0፥ ኒው ኢንግላንድን 52 ለ 0 እያሉ፥ በታኅሣሥ 7 ቀን የመደበኛውን ውድድር 14ቱንም ጨዋታ በድል ዘጉ። የድላቸው ምሥጢር የመሬት ሩጫ ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ 2,960 ያርድ በመሮጥ እስከዚያ ቀን ያልታየ ቁጥር አስመዘገቡ። ላሪ ዞንካ የሚባለው፥ ትከሻው እንደ በሬ የሆነው ሰው፥ መንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ እየረገጠ 1,117 ያርድ ሄደ፤ መርኩሪ ሞሪስ የሚባለው ፈጣኑ ደግሞ 1,000 ሞላ። ስለዚህ ስለ ሞሪስ 1,000 ያርድ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ላይ የሠፈረለት 991 ነበር፤ በኋላ ግን የአንዱን የቡፋሎ ጨዋታ ፊልም መልሰው ቢመረምሩ፥ ወደ ኋላ የተቆጠረበት 9 ያርድ የእርሱ ዕዳ እንዳልነበረ ተገኘና ተፋቀለት። እነሆ የጸሐፊው ሰንጢ በእውነትም በመዝገቡ ላይ ሠራ!

የቡድኑን ተከላካይ ክፍል ሕዝቡ «ስመ አልባው ተከላካይ» ይለው ነበር። ይህ ስም የወጣው የዳላሱ አሠልጣኝ ቶም ላንድሪ ከጥር 1972ቱ ጨዋታ በፊት ስለ ማያሚ ተከላካዮች ተጠይቆ ስማቸውን ማስታወስ ባቃተው ጊዜ ነው። ስድብ የነበረው ነገር ማዕርግ ሆኖ ቀረ። አለቃቸው ኒክ ቦኒኮንቲ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ በምርጫ ጊዜ እስከ 13ኛው ዙር ድረስ ተዘልሎ የነበረ፥ ከጨዋታው ጎን ለጎን ሕግ ተምሮ ጠበቃ የሆነ ሰው ነው፤ ማኒ ፈርናንዴዝ የሚባለውን ግን ጭራሽ የመረጠው ቡድን አልነበረም። በአጥቂውም ወገን ቢሆን ለሯጮቹ መንገድ የሚጠርጉት ላሪ ሊትልና ጂም ላንገር ሳይመረጡ የቀሩ ነበሩ፤ በኋላ ሁለቱም በዚህ ስፖርት ታላላቆች ቤተ መዘክር ገብተዋል። ስማቸው የማይታወቀው እነዚህ ተከላካዮች በ14 ጨዋታ የተቆጠረባቸው ነጥብ 171 ብቻ ሲሆን በሊጉ ከሁሉ ያነሰው ነበር። አሠልጣኛቸው ቢል አርንስፓርገር ያወጣውን አዲስ ዘዴ «53» ብለው የጠሩት፥ ዘዴው የሚዞርበት ተጫዋች በጀርባው የለበሰው ቁጥር 53 ስለነበረ ነው፤ ስም በሌለበት ቤት ቁጥር ስም ሆነ።

እዚህ ላይ ጠያቂ የሚያነሣውን ነገር ሳልደብቅ ልናገር ይገባኛል። ማያሚ በመደበኛው ውድድር የገጠማቸው ቡድኖች ደካሞች ነበሩ፤ ዓመቱን ከሽንፈት በላቀ ድል የጨረሱት ሁለቱ ብቻ፥ ካንሳስ ሲቲና የኒውዮርክ ጃየንትስ ሲሆኑ፥ እነርሱም 8 አሸንፈው 6 የተሸነፉ ናቸው። ነቀፋው እውነት ነው፤ አልከራከረውም። ነገር ግን ባላጋራውን የሚመርጠው ቡድኑ አይደለም፥ ደካማውንም ያለ ስንፍና 14 ጊዜ በተከታታይ ማሸነፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ማዘናጋት የደካማ ባላጋራ ዋና መሣሪያ ነውና።

ከመደበኛው ውድድር በኋላ በመጣው የጥሎ ማለፍ ዙር፥ በታኅሣሥ 15 በቤታቸው ክሊቭላንድን ሲገጥሙ በመጨረሻው ሩብ ተመርተው ሳለ ጂም ኪክ ሮጦ ባስገባው ታችዳውን 20 ለ 14 አመለጡ። በሳምንቱ፥ ታኅሣሥ 22 ቀን፥ ወደ ፒትስበርግ ሄዱ። በዚያ ዘመን የግማሽ ፍጻሜው ሜዳ በተራ ይሰጥ ነበር እንጂ ብዙ ላሸነፈው አልነበረም፤ ስለዚህ አንድም ያልተሸነፈው ቡድን በሰው ሜዳ፥ በሰው ሕዝብ መካከል መጫወት ግድ ሆነበት። ኳሱን በእግሩ አርቆ ሊመታ የቆመው ላሪ ሳይፕል፥ ባላጋራዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው መሮጥ መጀመራቸውን ባየ ጊዜ፥ መምታቱን ትቶ ኳሱን አቅፎ 37 ያርድ በመሮጥ ለቡድኑ የመጀመሪያ ታችዳውን መንገድ ከፈተ፤ አስቀድሞ የታዘዘ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ የሠራው ነው። ከዕረፍት በኋላ ግን ፒትስበርግ በ10 ለ 7 እየመራ፥ የሞራልም ነገር እየከበደ ሄደ። በዚህን ጊዜ ሹላ ግሪዚን ጠራው። እግሩ ድኖ ነበር፤ ገባና ብዙም ሳይቆይ ለፖል ዋርፊልድ 52 ያርድ የሄደ ኳስ አስያዘ፤ ማያሚም 21 ለ 17 አሸነፈ።

እንግዲህ ሞራልን አስቡት። ለአራት ዓመት ያህል የያዘውን እፍረት ሊፍቅ የተቃረበ፥ ቡድኑን ያለ አንዳች ሽንፈት እስከ ፍጻሜው ደጃፍ ያደረሰ፥ በዚያው አሠልጣኝ እጅ ለሁለተኛ ጊዜ ከሜዳ የወጣ ሰው ነው። ሹላም ለሱፐር ቦውሉ የሚጀምረው ግሪዚ እንደሆነ ነገረው። ሞራል ቅር እንዳለው አልደበቀም፤ ነገር ግን አላጉረመረመም፥ ለጋዜጠኛም አቤቱታ አላቀረበም፥ በሜዳው ዳር ቆሞ ግሪዚን ይረዳው ነበር። በመንበሩ የተቀመጠ ሰው ትሑት ቢሆን አይደንቀኝም፥ መንበሩ ያስከብረዋልና፤ ከመንበሩ የተነሣው ትሑት ሲሆን ግን ለእኔ ከዘመኑ ድል ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ሹላ ፈርዷል፥ ፍርዱም ትክክል ነበር፤ ይሁንና ትክክለኛ ፍርድ የሚያቆስለው ሰው መኖሩን ታሪክ ጸሐፊዎቹ በአንድ መሥመር ያልፉታል።

ዋናው ጨዋታ ጥር 6 ቀን፥ በእኛ የግዝረት በዓል ዕለት፥ በሎስ አንጀለስ በ90,182 ሰው ፊት ተደረገ። ባላጋራው የእናንተው ከተማ ቡድን፥ በዚያን ጊዜ ሬድስኪንስ፥ ዛሬ ኮማንደርስ የሚባለው የዋሽንግተን ቡድን ነበር። ይህች ከተማ ፍጹም ዘመንን ማበላሸት ልማዷ ነበር፤ በ1942 ከጨዋታዎቹ 11ዱንም አሸንፎ የመጣውን የቺካጎ ቤርስን በግሪፊዝ ስታዲየም 14 ለ 6 አዋርዳ መልሳዋለች። ያ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ነው፤ ከዩ ጎዳና ከሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወጥቶ በእግር የሚሄድ ሰው ወዲያው ይደርስበታል። በሎስ አንጀለስም ቁማርተኞቹ ያደሉት በጥቂቱ ለዋሽንግተን ነበር፤ ፕሬዝዳንት ኒክሰንም የዚሁ ቡድን ወዳጅ ነበሩ።

ማያሚ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ታችዳውን አግብቶ 14 ለ 0 መራ፤ ስመ አልባዎቹም በሩን ዘጉት፤ ጄክ ስኮት ሁለት ኳሶችን ጠልፎ የጨዋታው ምርጥ ተባለ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሹላ መቺውን ጋሮ የፕሬሚያንን ላከው። ይህ ሰው በቆጵሮስ ደሴት በላርናካ ከአርመን ወላጆች የተወለደ፥ ወደ አሜሪካ በ1966 የመጣ፥ በጎን ከረባት የሚሠራ፥ ራሰ በራና አጭር ሰው ሲሆን፥ በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ራሱ የተጫወተበት ነው። አርመኖችን ከአዲስ አበባ ጀምረን የምናውቃቸው እኛ እጁ ለሥራ የተፈታ ሕዝብ መሆኑን እንመሰክራለን፤ ያን ቀን ግን የዚህ አርመን እጅ ከዳችው። የመታት ኳስ በባላጋራ እጅ ተጋጭታ ወደ እርሱ ተመለሰች፤ ወድቆባት ቢተኛ በበቃው ነበር፤ እርሱ ግን አነሣትና እንደ ኳርተርባክ ሊወረውራት ክንዱን ሰነዘረ። ኳሷ ከጣቶቹ አምልጣ ወደ ላይ ተንሳፈፈች፤ ሊይዛት ቢሞክርም መልሶ ወደ ላይ መታት፤ ማይክ ባስ የሚባል የዋሽንግተን ተጫዋች ከአየር ላይ ቀለባትና 49 ያርድ ሮጦ አገባ። 14 ለ 7 ሆነ፤ የቀረውም ሰዓት 2 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። ኳሷ ደኅና ሄዳ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 17 ለ 0 ሆኖ፥ 17 ድልና 0 ሽንፈት ላለው ዘመን እንደ ማኅተም በተስማማ ነበር፤ የጨዋታው ሠሪ ግን እንዲያ ያለውን ጌጥ አልፈቀደም። እኔ እንዲያውም የጋሮን ስሕተት እወዳታለሁ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የወደቀች የቀለም ጠብታ ናት።

ተከላካዮቹ የዋሽንግተንን የመጨረሻ ሙከራ አከሸፉና ተፈጸመ። ተጫዋቾቹ ሹላን በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ አንድ ልጅ እጁን ጨብጦ ሰዓቱን ከክንዱ አወለቀበት፤ አሠልጣኙም ከትከሻቸው ወርዶ ልጁን አሳዶ ሰዓቱን ተቀበለ። ክብር ላይ ተቀምጦ ንብረቱን ያልዘነጋ ብቸኛው ድል አድራጊ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2007 የውድድር ዘመን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ 18 ጊዜ ተከታትሎ ካሸነፈ በኋላ የመጨረሻውን፥ 19ኛውን፥ በጃየንትስ 17 ለ 14 ተነጠቀ፤ በማያሚ ያሉት ሽማግሌዎችም እፎይ አሉ። ያልተሸነፈው ቡድን በዘመኑ ወደ ዋይት ሃውስ አልተጠራም ነበር፤ የተጠራው ከ40 ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ 2013 በፕሬዝዳንት ኦባማ ጊዜ ነው። ወደዚያ ግብዣ ሲገቡ ሽማግሌዎች ሆነው ነበር። ቦኒኮንቲ በሽምግልናው የገዛ ሸሚዙን መልበስ እያቃተው፥ ትዝታው እየተነነ፥ ከሞቱ በኋላ አንጎሉ ለምርምር እንዲውል ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ መናዘዙን በ2017 በአደባባይ ተናገረ፤ በ2019 ዐረፈ። በዚያ ቡድን የዘነበው የጭንቅላት ግጭት ዋጋው በ1965 ዓ.ም. አልተከፈለም፤ ቀስ በቀስ፥ በየቤቱ፥ ሚስቶችና ልጆች እያዩት የተከፈለ ነው። በዚህ አዳራሽ ልጁ ትምህርት ቤት ለፉትቦል መመዝገብ እንደሚፈልግ የነገረው አባት ካለ፥ ይህንንም ከድሉ ጋር አብሮ ያስታውስ ዘንድ እለምነዋለሁ።

ኤርል ሞራል በሚያዝያ 2014፥ በ79 ዓመቱ፥ በፍሎሪዳ ሞተ። ሐኪሞች አንጎሉን በመረመሩ ጊዜ ከተደጋገመ ምት የሚመጣው ደዌ የመጨረሻው፥ የአራተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ አገኙት። በ1972ቱ መዝገብ ከሠፈሩት 17 ድሎች መካከል 11ዱን ከመጀመሪያው ደቂቃ የጀመራቸው ይህ በ100 ዶላር የተገኘው ሰው ነው።